ፈጣኑ ሌዘር ሁልጊዜ የተሻለ ሕክምና አይደለም

«ያለ ቢላዋ» የሚለው ሐረግ በዓይን ክሊኒኮች ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ ይነበባል። ከሐረጉ ጀርባ ታላቅ ሳይንስ መኖሩ አያጠያይቅም። ሆኖም ታካሚው ከመክፈሉ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚሠራና የት እንደሚጠቅም ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ምስጢሩ ያለው በጊዜው ማጠር ላይ ነው። አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲከፈል አንዱ ክፋይ ፌምቶሰከንድ ይባላል። በአንድ ሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ብርሃን በ100 ፌምቶሰከንድ የአንዲት ጸጉር ውፍረት እንኳ አያቋርጥም። በዚህ ቅጽበት የታመቀ ብርሃን የዓይንን ግልጽ የፊት ሽፋን፣ ኮርኒያን፣ ሳይጎዳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በታለመለት ጥልቀት ላይ ብቻ ሕብረ ሕዋሱን ወደ ፕላዝማ ይለውጣል። ሙቀቱ ወደ አካባቢው ሳይዛመት ሥራው ያበቃል፤ በቦታው ኢምንት የጋዝ አረፋ ይቀራል። አረፋዎቹ እጅግ በዝተው ጎን ለጎን ሲደረደሩ ሕብረ ሕዋሱ ተቆርጦ ይለያያል።

ለዚህ ያበቃውን ዘዴ ዤራር ሙሩና ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ አድርገው በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል።

የኮርኒያ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ ጥራት እዚያ ዋጋ አለው። በላሲክ ሕክምና ፈጣኑ ሌዘር ስስ ክዳን ይቆርጣል፤ ሕብረ ሕዋሱን የሚቀርፈው ግን ሌላ የአልትራቫዮሌት ሌዘር ነው። ስማይል በተባለው ዘዴ ደግሞ ፈጣኑ ሌዘር ብቻውን ሌንስ መሰል ስስ ቁራጭ ይለያል፤ ሐኪሙም በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። ያም ሆኖ ኮርኒያው እጅግ ለሳሳ ወይም እንደ ሾጣጣ ለወጣ ሰው ሁለቱም አይመከሩም። የቅድሚያ ምርመራው ከማሽኑ ስም ይበልጣል።

በዓይን ሞራ ግርዶሽ ላይ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። በፈረንሳይ አምስት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት በሌዘር የታገዘውን ቀዶ ጥገና ከተለመደው የአልትራሳውንድ ዘዴ ጋር አነጻጽሯል። ሌዘሩ የተሻለ ውጤት አላስገኘም፤ ወጪው ግን ከፍ ያለ ነበር።

የሌዘሩ ደጋፊዎች ቴክኖሎጂው ገና እንደሚሻሻልና ዋጋውም እንደሚቀንስ ይከራከራሉ። ተስፋው ተገቢ ነው፤ የዛሬ ታካሚ ግን የነገን ተስፋ በዛሬ ገንዘቡ እንዲገዛ ሊደረግ አይገባም።

ይህ ልዩነት ሀብታቸው ውስን ለሆነ አገራት ይበልጥ ይከብዳል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ እንደሚመጣ አመልክቷል። ይህን የሚያድነው በእጅ የሚሠራ የትንሽ ቅድ ቀዶ ጥገና ውድ ሌዘር አይሻም፤ የሚሻው የሠለጠነ ሐኪም፣ ንጹሕ ክፍልና ሰው ሠራሽ ሌንስ ነው።

ስለዚህ የጤና በጀት የሚመድብም ሆነ ለዓይኑ ሐኪም የሚመርጥ ሰው ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ማሽኑ ምን ያህል ፈጣን ነው?» ብሎ ሳይሆን «ለዚህ ሕመም ከነባሩ ዘዴ በምን ይበልጣል?» ብሎ ነው። ብርሃኑን የተነፈገ ዓይን የሚሻው ማየትን ነው፤ በምን መሣሪያ እንደዳነ አይጠይቅም።