ካሜራው ዞረ ተብሎ ፎርማት አይደረግም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። «ሕዝብ በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ አንተ ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። ታገሱኝ፤ ነገሩ ጌም ላይ አያበቃም።

እኛ ኮን ላይ አንድ ላፕቶፕ የቤቱ ሁሉ ነው። የልጁ ጌም፣ የእህቱ የኮሌጅ አሳይመንት፣ የአባት ማመልከቻ፣ የሰርግና የተዝካር ፎቶ ሁሉም እዚያች ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን ልጁ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን ከፍቶ ሲነዳ ካሜራው በራሱ ወደ ግራ ይዞራል። መንገዱን ማየት ሲፈልግ የጎን መስኮቱን ያሳየዋል። ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል። ባለሙያው አንድ ደቂቃ ያየውና ይፈርዳል፦ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው!

እኔም ደርሶብኛል። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው ለመክሰስ አልተነሳሁም። ለዚችው የካሜራ ጣጣ ላፕቶፔን ሰጠሁ፤ «ጸድቷል» ተብሎ ተመለሰልኝ። እውነትም ጸድቷል። የአባቴ የተዝካር ፎቶ የለም፣ የታናሼ መመረቂያ ጽሑፍ የለም። ማታ ጌሙን እንደገና ጭኜ ያንኑ ጆይስቲክ ሰካሁት። ካሜራው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ግራ ዞረ። ያኔ ጆይስቲኩን ነቀልኩት፤ ካሜራው ቀጥ አለ። መፍትሔው ሁለት ሴኮንድ ነበር።

እስኪ እንጠይቅ፤ ይህ ለምን ይሆናል? በጆይስቲክ ላይ ካሜራን የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ አውራ ጣት የምንገፋው እንጨት ነው። በውስጡ አቅጣጫውን የሚለካ ትንሽ ዕቃ አለ። ሲያረጅና አቧራ ሲገባበት፣ እጃችን ሳይነካው «ተገፍቻለሁ» እያለ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። የሚዋሸው ጆይስቲኩ ነው፤ የሚቀጣው ግን ላፕቶፑ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

አንደኛ፣ ጆይስቲክም ሆነ መሪ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉና በኪቦርድና በማውዝ ብቻ ሞክሩ። ካሜራው ቀጥ ካለ ጥፋቱ የተነቀለው ዕቃ ላይ ነው። ብዙ የመኪና ጌሞች ዴድዞን የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ጌሙ የእንጨቱን ጥቃቅን ንቅናቄ መስማት ይተዋል። ካልበቃ ጆይስቲኩን ቀይሩት።

ሁለተኛ፣ ካሜራው ጠፋ እንጂ አልዞረም ከሆነ፣ በስህተት ቁጥር ተነክቶ ይሆናል። በዩሮ ትራክ 1 የሾፌሩ ዕይታ ነው፤ 2 ከኋላ ያሳያል፤ ሌሎቹ ቁጥሮችም የየራሳቸው ዕይታ አላቸው። 1ን መጫን የሚፈታውን ነገር ይዞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ሦስተኛ፣ በማውዝ መንዳት የሚለው ምርጫ በርቶ እንደሆነ እዩ። ከበራ ማውዙ መሪ ሆኗል፤ ካሜራው እንደ ድሮው አልታዘዝም ቢል አይፈረድበትም።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ በዶክመንትስ ውስጥ የጌሙ ፎልደር አለ። እሱን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ በፕሮፋይላችሁ ውስጥ ኮንትሮልስ የሚል ትንሽ ፋይል ታገኛላችሁ፤ የቁልፍና የካሜራ ምርጫችሁ የተጻፈው እዚያ ነው። ስሙን ለውጡና ጌሙን ክፈቱ፤ አዲስ ይሠራላችኋል። የነዳችሁት ኪሎ ሜትርና የገዛችሁት መኪና አይነካም።

«ደንበኛው ይቸኩላል፣ ፎርማት ቁርጥ ያለ ዋጋ አለው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ይገባኛል፤ እንጀራ ነው። ግን ከጋሸና ወደ ኮን ስንመጣ የአይሱዙው የጎን መስታወት ተንቀጠቀጠ ብሎ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ ብናገኝ ምን እንለው ነበር? ብሎኑን አጥብቅ እንለው የለ? መርምሮ ላገኘው ሰው የምርመራ ዋጋ እንክፈለው። አምስት ደቂቃ አይቶ «ጆይስቲክህ ነው» ያለኝ ሰው፣ ሦስት ሰዓት ፎርማት ሲያደርግ ከዋለው ይልቅ ገንዘቤ ይገባዋል። እኛ ግን ለእውቀት መክፈል እንደ መታለል እንቆጥረዋለን። ጥፋቱ የኛም ነው።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። አለ። ግን የመጨረሻው በር ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የጠፋ ጌም ኔትወርክ ባለበት ቀን ተጎትቶ ይመለሳል። የሞተ ሰው ፎቶ ከየት ይጎተታል?

ላፕቶፕ ስትሰጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምክንያቱን አገኘኸው? ፋይሌን ገልብጠሃል? ሳታጠፋ የሚፈታ መንገድ ሞክረሃል? ሦስቱንም ካልመለሰላችሁ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ይህን ጌም ለሚጫወት ልጅ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑን ለገዛለት አባትም አድርሱት።