ጨርቅ የሚበላ አፈር

በ2013 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች የጥጥ የውስጥ ሱሪ በየማሳቸውና በየጓሯቸው ቀበሩ። ነገሩ ያስቃል፤ ጥጥን ግን በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዘአካላት ይመገቡታል። ከሁለት ወር በኋላ ጨርቁ ተበጣጥሶ ከወጣ አፈሩ ሕያው ነው፤ እንደተቀበረ ከወጣ ደክሟል።

ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት ተጠቅቷል። አርሶ አደሩ ግን ስለ ኖራ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በሐምሌ ኖራና ኮምፖስት ባገኘና ባላገኘ ማሳ እኩል ቁራጭ ጨርቅ ያስቀብሩ፤ በመስከረም አውጥተው በማሠልጠኛ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይስቀሉት። የባቄላ ሥር እባጭንም ሰንጥቀው ያሳዩ፤ ውስጡ ቀላ ካለ ናይትሮጅን ከአየር እየሰበሰበ ነው።

የኖራውን መጠን የሚወስነው ግን የላብራቶሪ ምርመራ ነው። ውጤቱም ከዘር ወቅት በፊት ለአርሶ አደሩ ይድረስ።