ደጁን ዘግቶ የሄደ ጎረቤትና በግቢው የቀረው ውሻ

የታኅሣሥ ወር በተጋመሰ ጊዜ ከአቃቂ ቃሊቲ የሚነሣው መንገደኛ ብዙ ነው። የቁልቢው ገብርኤል በዓል ታኅሣሥ 19 ቀን ይውላልና ስእለት ያለበትም የሌለበትም ስንቁን ቋጥሮ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ቤተሰቡ አንድ ሳይቀር መኪና ላይ ከወጣ በኋላ አባወራው ወደ ኋላ ተመልሶ የቆርቆሮውን በር በሰንሰለት ይጠመጥማል፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስቦ ይፈትናል፤ ወደ ግቢውም ውስጥ «ቤቱን ጠብቅ!» ብሎ ይጣራል። ከግንዱ ጋራ የታሰረው ውሻ የጌታውን ድምፅ ሰምቶ ጭራውን ይቆላል። ጌታው የሚመለሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው። በፊቱ የተቀመጠችው አንዲት ሳሕን ውኃ ግን ገመዱ ሲጎተት ገና በመጀመሪያው ምሽት ትገለበጣለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው አጥር ለአጥር የሚኖረው ጎረቤት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ውሻው ይጮኻል፤ ይህ ሥራው ነውና ማንም ልብ አይለውም። በሁለተኛው ሌሊት ያላዝናል። የታኅሣሥ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ አጠገቡ ያለችው ሴት ወይዘሮ ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ትከናነባለች፤ እንቅልፍ ግን አይወስዳትም። በሦስተኛው ሌሊት ዝም ይላል። ጭንቀቱም የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። ሲነጋ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ ታያለች፤ የምታየውም ከግንዱ ሥር የተኛ ቡናማ ጀርባ ብቻ ነው፤ ይተንፍስ አይተንፍስ አይለይም።

ይህችው ሴት ጭንቀቷን ለሰፈሩ ሰው በነገረች ጊዜ የምታገኘው መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንዱ «ውሻ ነው፤ ምን ይሆናል?» ይላታል። ሁለተኛው «በሰው ደጅ ምን አገባሽ?» ይላታል። ሦስተኛው፣ እርሱም ብዙ ጊዜ ፊደል የቈጠረው ነው፣ «ርኩስ እንስሳ ስለ ሆነ ይህን ያህል አትጨነቂ» ይላታል። ሦስቱም መልሶች ስንፍናን በጥበብ ልብስ የሸፈኑ ናቸው።

የመጀመሪያው ነገር ብዙ ክርክር አያሻውም። የባለገር ውሻ ወንዝ ወርዶ ይጠጣል፣ ከአውድማውና ከቄራው ዳር የሚለቅመውን አያጣም፤ ስለዚህ «ምን ይሆናል» የሚለው ቃል በባላገር ቤት እውነትነት ነበረው። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ግን ወደ ወንዝ አይወርድም። ረኀቡን ለጥቂት ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ የውኃ ጥም ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ደግሞም በአቃቂ ወንዝ ዳርና በአባ ሳሙኤል በኩል ሌሊት ጅብ የሚዞር መሆኑን የአገሩ ሰው ያውቃል። ያልታሰረ ውሻ ይሸሻል፣ ወይም ወገኖቹን ጠርቶ ይከላከላል። የታሰረው ግን ለጅቡ የቀረበ ማዕድ ነው። አስገራሚው ነገር፣ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ በብዙ የሚቀዳው ከዚሁ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓድ መሆኑ ነው፤ ውሻው በውኃ ላይ ተኝቶ በውኃ ጥም ይሞታል።

«በሰው ደጅ ምን አገባሽ» የሚለው ሁለተኛው መልስ ጨዋነት ይመስላል። የሰውን አጥር ማክበር መልካም ነው፤ ሌባም የሚለየው በዚህ ነው። ዳሩ ግን የሕግ መጽሐፍ ይህን ነገር ሳይፈታ አልተወውም። በኦሪት ዘዳግም 22ኛው ምዕራፍ የወንድሙን በሬ ወይም በግ ባዝኖ ያየ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እንዳያልፍ ታዝዞአል፤ ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን እንኳ እንስሳውን ወደ ቤቱ ወስዶ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ማቆየት ይገባዋል። በኦሪት ዘፀአት 23ኛው ምዕራፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ፤ ጭነት ተጭኖት የወደቀው የጠላት አህያ ስንኳ ታልፎ እንዳይኬድ ተከልክሎአል። እንግዲህ ለጠላት አህያ የታዘዘው ለጎረቤት ውሻ አይሆንም የሚል ሰው፣ ጎረቤቱን ከጠላት አሳንሶ ያየዋል ማለት ነው። በሰንበት ቀን በሬውን ወይም አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ ሊያጠጣው የማይወስድ እንደሌለ በሉቃስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ የተነገረውም ለምኵራብ አለቃ ነበር፤ ያ አለቃም በዚያን ቀን የሚመልሰው አላገኘም። የሰንበትን ሥርዓት ያለፈ የውኃ ነገር፣ የቆርቆሮ በር ይገታዋልን?

አጥሩን ዘሎ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አይመከርምም። ባለቤቱን የማያውቅ፣ የተራበና የፈራ ውሻ የሚያጎርሰውን እጅ ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መጀመር አለበት። ጠበል ለሚጠመቅም ቢሆን ካህኑ ክትባቱን አስቀድሞ ቢያዝለት ነፍሱን አተረፈለት እንጂ እምነቱን አልቀነሰበትም። ጎረቤት ሊያደርግ የሚገባው ይህ ነው፤ ለባለቤቱ በስልክ ይደውል፤ ባያገኘው የዕድሩን ዳኛና ሁለት ሰው ለምስክር ጠርቶ፣ በአጥሩ በኩል ውኃና እንጀራ ያቅርብ። ምስክር ባለበት የተሰጠ ውኃ ሌብነት አይባልም።

ወደ ሦስተኛው መልስ እንምጣ ቢባል፣ ይህ የተማረው ሰው መልስ ስለ ሆነ ጠንከር ብሎ መመለስ ይገባዋል። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ መከልከሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከመቅደስ የተከለከለ ሁሉ ከምሕረት ተከልክሎአል የሚል የት ተጽፎ ይገኛል? ቅዱስ ሩፋኤል ከወጣቱ ከጦብያ ጋራ ወደ ሜዶን አገር በሄደ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተላቸው፣ ሲመለሱም ከኋላቸው እንደ ነበረ በመጽሐፈ ጦቢት ይነበባል። መልአኩ «ይህ ርኩስ ነውና ይመለስ» አላለም። ጦብያም ለመንገድ ሲነሣ ውሻውን ከግንድ ጋራ አስሮ አልሄደም። ወደ ሊቀ መላእክት በዓል የሚሄደው የአቃቂ ስእለተኛ፣ የሌላውን ሊቀ መላእክት መንገድ ቢያስብ መልካም በሆነለት ነበር።

የቅኔ ቤት ልጅ «ከልብ» የሚለውን ቃል ገና በጀማሪነቱ ያገኘዋል፤ በግእዝ ውሻ ማለት ነው፣ በአማርኛ ደግሞ ከልብ የመነጨ ማለት ነው፤ ስንት ሰምና ወርቅ ተፈትሎበታል! ከዚሁ ቃል «ደመ ከልብ» የሚባለው ወጣ። ሕዝቡ ይህን የሚለው ፈላጊ ሳይኖረው ስለ ፈሰሰ የሰው ደም አዝኖ ነው። ነገሩ ግን ሲመረመር የውሻ ደም አይጠየቅም የሚለው አስቀድሞ የታመነ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ለሰው የታዘነበት አነጋገር ለውሻው የሞት ፍርድ ሆኖ እንዲቀር የፈቀደ ማን ነው?

ደግሞም ውሻው ተቀጣሪ ነው። ባለቤቱ ያን ያህል ቀን ደፍሮ የሚሄደው ዘበኛ ስላለው ነው፤ ቆርቆሮውንማ ሌባ በጥርሱ ይፈታዋል። ለቤቱ ያመነውን ለሆዱ አላሰበለትም። የደመወዙ ልክ የተረፈ እንጀራ ነበር፤ እርሱንም ይዞበት ሄደ። በዓቢይ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋና አጥንት ሲጠፋ፣ ለ55 ቀን ውሻውን ሳይወድ የሚያስጾም ቤት ጥቂት አይደለም፤ ጾሙ የታዘዘው ግን ለአዳም ልጅ ነው።

ሳይወድ በግድ የተለየ ሰው አለ፤ ከዚህ ጋራ መቀላቀል አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ሰፊ ግቢ የለመደ ውሻ ፎቅ ላይ እንዴት ይኖራል በማለት ተጨንቀው በፍርስራሹ መካከል ትተውት የሄዱ ቢኖሩ፣ ዕቃቸውን በችኮላ የጫኑ ሰዎች ናቸውና ፍርዱ ይቀልላቸዋል። በኮንዶሚኒየሙም ቤት፣ በገላንና በቆዬ ፈጬ፣ ድመቷን ክፍል ውስጥ ዘግቶ ወይም ቡችላውን በረንዳ ላይ አስሮ ለሳምንት የሚሄድ ሰው አይታጣም፤ እዚያ ደግሞ በግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት አጮልቆ የሚያይበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ወደ ቁልቢ የሚሄደውን ግን ማንም አላባረረውም። ቀኑን ከዓመት በፊት ያውቀዋል፤ ለስንቅ ዳቦ ሲደፋ ይሰነብታል፤ ለውሻው የሚያስብበት ደቂቃ ግን አጣ።

ለራሱ ብቻ ለሚያስብ ሰው ደግሞ የመንግሥትን ሕግ ማሳሰብ ይበቃ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያድነውም። ረኀብ ያስጨነቀው ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ፣ በቆርቆሮው ሥር ጭሮ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቢነክስ፣ አባወራው «እኔ ቁልቢ ነበርሁ» ቢል ዳኛው አይቀበለውም።

ከዚህ የከፋውም ክፉ አለ፤ ጩኸቱ እንቅልፍ ስለ ነሣው በቍራጭ ሥጋ መርዝ ሸሽጎ በአጥር ላይ የሚወረውር ጎረቤት። ይህ ሰው ጥፋቱን በሌሊት ስለሚሠራ በቀን አይታወቅም፤ ባለቤቱም ሲመለስ «ሌባ ገደለብኝ» ብሎ ያለቅሳል። ያን ቍራጭ የወረወረው እጅና ውኃ ሳያኖር የሄደው እጅ በአንድ ገበታ የሚበሉ ናቸው።

«አደራ» የሚባል ቃል ያለው አገር ይህን ነገር ለማስተካከል አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልገውም። ከብቱን ለእረኛ፣ ልጁን ለክርስትና አባት፣ እርሻውን ለወንድሙ አደራ ብሎ የሚዘምት ሕዝብ ነበር። አሁንም የሚጎድለው አንድ ቁልፍ ነው፤ መንገደኛው ትርፉን ቁልፍ ለጎረቤቱ ይስጥ፤ በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ ውኃ ያኑር፤ ገመዱን ያስረዝም፤ ውሻው ከመሄዱ በፊት ለሁለት ቀን ያህል ጎረቤቱ በሚያቀርብለት እጅ እንዲበላ ያለማምደው። በአቃቂ ቃሊቲ ያሉት ዕድሮች ለሞተ ሰው ድንኳንና ወንበር የሚያዘጋጁ ናቸው፤ የታኅሣሥ ወርኀዊ ስብሰባቸው ሲደርስ ዳኛው ከመዋጮው ቀጥሎ «ለቁልቢ የምትነሡ፣ ቁልፋችሁ በማን እጅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው፤ ጸሐፊውም መልሱን በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ይጽፈዋል።