ጥሪው የሠርግ ነውን?



አንዲት እናት ምሽት ላይ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ በስልካቸው መልእክት ደረሳቸው እንበል። ላኪው የሚያውቁት ዘመድ ሲሆን፣ «በሠርጋችን ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል» ከሚል ቃል ጋር አንድ ፋይል ተያይዟል። የዘመድ ጥሪ አይናቅምና እናት ለመክፈት ይቸኩላሉ። ለመሆኑ በውስጡ ያለው በእርግጥ የሠርግ ጥሪ ነውን?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በኢንዶኔዢያ፣ በ2024 ደግሞ በሕንድ፣ በሠርግ ጥሪ ስም በዋትስአፕ የተሠራጩ ፋይሎች ሰዎችን አታለዋል። ፋይሎቹ የጥሪ ወረቀት ሳይሆኑ ስልክ ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ነበሩ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም አንዴ ከተጫነና ፈቃድ ካገኘ፣ ባንክ በአጭር መልእክት የሚልከውን የምስጢር ቁጥር ሳይቀር አንብቦ ለሌባው ሊያቀብል ይችላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ2000 ከፊሊፒንስ የተነሳው «አይ ላቭ ዩ» የተባለ ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢ-ሜይል ተሠራጭቷል። የፋይሉ ስም በ«ቲኤክስቲ» የሚያልቅ ተራ ጽሑፍ ይምሰል እንጂ፣ ከዚያ ቀጥሎ «ቪቢኤስ» የሚል ሌላ ቅጥያ ነበረው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ብዙዎች አላዩትም። ቫይረሱ የከፈተውን ሰው ፎቶግራፎች እያጠፋ፣ አድራሻቸው በመዝገቡ ላሉት ሁሉ ራሱን ላከ። ተቀባዮቹም «የላከልኝ የማውቀው ሰው ነው» ብለው ከፈቱት። እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የላኪው መታወቅ ለፋይሉ ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባናል?

አንደኛ፣ ያልጠበቅነው ፋይል ሲመጣ ለላኪው ደውለን ድምፁን ሰምተን እንጠይቅ። በዚያው መልእክት መጠየቅ አይበቃም፤ የሚመልሰው ሌባው ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን ቅጥያ እንመልከት። ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ በ«ጄፒጂ»፣ የጥሪ ወረቀት በ«ፒዲኤፍ» ያልቃል። በስልክ «ኤፒኬ»፣ በኮምፒዩተር «ኢኤክስኢ» ካየን ግን የመጣልን ፕሮግራም ነው፤ ጥሪ ነኝ ቢል እንኳ አንክፈተው።

ሦስተኛ፣ የ«ወርድ» ወይም የ«ኤክሴል» ሰነድ ከፍተን «ኢኔብል ኮንተንት» የሚለውን ተጫኑ ቢለን አንጫን። በሰነዱ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ሥራውን የሚጀምረው በዚያ ነው።

አራተኛ፣ ፕሮግራም ስንፈልግ ከስልኩ መደበኛ መደብር ወይም ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ እናውርድ።

አምስተኛ፣ የተጠራጠርነውን ፋይል «ቫይረስቶታል» በተባለው ድረ ገጽ ማስመርመር ይቻላል። ከ70 በላይ በሆኑ መመርመሪያዎች ይፈትሸዋል። ሆኖም እዚያ የተጫነን ፋይል ሌሎች ሊያዩት ስለሚችሉ የግል ሰነድ አይጫንበት። «ንጹሕ ነው» ቢልም አዲስ ቫይረስ ሊያመልጠው ይችላል።

ፋይሉ ተከፍቶ ከሆነስ? ወዲያውኑ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ፣ በሌላ ስልክ ለባንክ መደወልና የምስጢር ቃሎችን መለወጥ ያስፈልጋል። የቤተሰብ ፎቶግራፎች ደግሞ ከመሣሪያው ተነጥሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ አስቀድመው ቢገለበጡ መልካም ነው።

በመጨረሻም ለወላጆችና ለልጆች አንድ አደራ አለን። የተሳሳተውን ሰው አንቆጣው። ልጅ ቁጣን ፈርቶ፣ እናትም አፍረው ነገሩን ከደበቁት ሌባው ጊዜ ያገኛል። «ልጄ፣ አንድ ነገር ከፍቻለሁ መሰለኝ፤ እስቲ እይልኝ» ማለት የማያሳፍርበት ቤት ከሁሉ የተሻለ መከላከያ አለው።

እስከሚቀጥለው ወር ድረስ አላህ ይጠብቃችሁ። ወሰላም።