የጸደቀልን ወይስ የጸደቀብን?

ሞጆ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ ያሳያል። «የምትደግፉ?» ሲባል እጅ ሁሉ ብድግ አለ። «የምትቃወሙ? ድምፀ ተዓቅቦ?» የለም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ቀጥሎ ጭብጨባ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንተ ፊደል ቆጥረሃል። አሁን የጸደቀብን ምንድን ነው?» አሉኝ። ልብ በሉ፣ «የጸደቀልን» አላሉም። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበርና አፈርኩ። ይህን የሚያስጽፈኝ ያ እፍረት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሣ። ፓርላማ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመው ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸዋል፤ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጧቸዋል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ይህን ፓርላማ ዘጋው። ከዓመታት በኋላ ያመጣው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ መደበኛ ስብሰባውም በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ ይለዋወጥ እንጂ ሕግ ከላይ ተረቅቆ ሲወርድ፣ ምክር ቤቱም «ይሁን» ሲል ነው የኖረው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ልማድ ሊሽር የመጣ ይመስል ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 አይበልጥም፤ የሥራ ዘመናቸው አምስት ዓመት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም፤ ስለዚህ የፌዴራል ሕግ የማውጣት ሸክም ያረፈው በአንዱ ምክር ቤት ጫንቃ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ረቂቁን የሚያመጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ረቂቁ በምክር ቤቱ ይነበባል፣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው መርምሮ ይመልሰዋል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበት እንኳ ሕግ ይሆናል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይታወጃል። ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ 54 ነው። አንድ የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ለፓርቲው አላለም። ለሚኒስትሩም አላለም።

ታዲያ ይህ ኅሊና የት ገባ? በ2001 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን አዋጅ ቁጥር 621 አጸደቀ። ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ የሚከለክል ነበር። ለሀገር ደኅንነት እጅግ አስፈላጊ ነው ተባለ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ ያንን ሻረው፤ እሱም እጅግ አስፈላጊ ነው ተባለ። ሲጸድቅም ሲሻርም የምክር ቤቱን አብላጫ ወንበር የያዘው ያው ኢሕአዴግ ነበር። መሻሩ ደግ ነው፤ ክርክሬ በመሻሩ ላይ አይደለም። ክርክሬ የተለወጠው የምክር ቤቱ ኅሊና ሳይሆን የአስፈጻሚው ፍላጎት መሆኑ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ወደ ከተማዬ ልመለስ። ሞጆን የሚያውቃት በአፍንጫውም ያውቃታል፤ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 567 ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ። ሀገሪቱ ጥሬውን መሸጥ ትታ ያለቀለትን ትሽጥ የሚል ሐሳብ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ነው አልልም። ዛሬ ግን በዓል ባለፈ ማግስት የበግ ሌጦ በየቦዩ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው እናያለን። ሕጉ ብቻ ነው ለዚህ ያበቃን ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ የዓለም ገበያም የቆዳው ጥራትም እጅ አለበት። ነገር ግን በየበሩ እየዞረ ሌጦ የሚገዛውን ወጣት «ይህ ሕግ አንተን ምን ያደርግሃል?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ፣ ኋላም «ምን አደረገህ?» ብሎ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ስለ ቆዳ የሚያውቅ ሕዝብ እያለ ስለ ቆዳ የወጣ ሕግ ሳያየው አለፈ።

«በፓርላማ ሥርዓት አብላጫ ያለው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፤ ያቀረበውም ቢጸድቅ ምን ይደንቃል?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አይደንቅም። የሚደንቀው ሁሌም ሳይነካ መጽደቁ ነው። የዚህ ሥርዓት እናት በምትባለው በእንግሊዝ፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ያመጡት ስምምነት በ432 ለ202 ድምፅ ወደቀ፤ ከተቃወሟቸው መካከል ከ100 በላይ የሚሆኑት የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ነበሩ። ፓርቲው ግን አልፈረሰም፤ ሀገሩም አልፈረሰ።

ደግሞስ የእኛ ሰዎች መቃወም መቼ አቃታቸው? የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ በተያዙበት ምክር ቤት! አዋጁ ማለፉን አለፈ። ያን ዕለት ግን ኅሊና የሚባለው ነገር ከአዳራሹ ጨርሶ እንዳልወጣ አየን።

ከሞጆ ተነሥቶ በአሮጌው መንገድ ወደ ፓርላማው የሚሄድ ሰው ዱከምን ያልፋል። እዚያ አካባቢ የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የነበረው ኦዳ ነቤ አለ። በገዳ ሥርዓት ሕግ በጉባኤ ተመክሮበት፣ በሕዝብ ፊት በቃል ይታወጃል፤ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። እንከን የለውም አልልም፤ ሴቶች በእኩል መብት አልተቀመጡበትም። ሆኖም ሕግ ሊገዛው ያለው ሰው ጆሮ ሳይደርስ ሕግ አይሆንም የሚለው እውቀት በዚሁ መንገድ ዳር ነበር። የሰፈራችን እድር እንኳ መዋጮ ለመጨመር ሦስት እሑድ ተከራክሯል። አንዲት እናት «አልስማማም» ብለው ተነሥተው ደንቡን አሻሽለውታል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ረቂቅ ሕግ ድምፅ ሳይሰጥበት በፊት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ ዘንድ ይድረስ፤ ቆዳ ከሆነ ሞጆ ይምጣ። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው ስም በስም ይውጣ። እኛም ከወቀሳው አንዳን። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ተወካያችን ሲመጣ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ብቻ እንጠይቀዋለን። «ዘንድሮ በየትኛው ሕግ ላይ እጅህን አወጣህ? ለምንስ?» ብለን ጠይቀነው እናውቃለን? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

እጅ ለማውጣት ብቻ ከሆነ ወኪል አያስፈልግም። ወኪል የሚያስፈልገው እጁን ከማውጣቱ በፊት ሰምቶን፣ ካወጣ በኋላ ተመልሶ እንዲያስረዳን ነው። ያኔ ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው እኔን መጠየቅ አያሻቸውም፤ የጸደቀላቸውን ራሳቸው ይነግሩኛል።