ትንሿን አገር ሰፊ የሚያደርጉ መንገዶች

የአንድ አገር ስፋት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ መለኪያ ሩዋንዳ ከአፍሪካ ትናንሽ አገሮች አንዷ ናት፤ ስፋቷ 26,338 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ ኢትዮጵያ ከአርባ እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። በመኪና የሚጓዝ ሰው ማለዳ ከምሥራቅ ድንበሯ ቢነሣ በዚያው ቀን ከምዕራብ ድንበሯ ሊደርስ ይችላል። ይህችኑ አገር በእግሩ ወይም በብስክሌት ለሚያቋርጥ ሰው ግን ስፋቷ ሌላ ነው። «የሺህ ኮረብቶች ምድር» የሚለው ቅጽል ስሟ ትርጉሙ በሚገባ የሚገለጽለት ኮረብቶቹን አንድ በአንድ ለወጣና ለወረደ መንገደኛ ነው። ስለዚህ የእግርና የብስክሌት መንገዶች ለትንሽ አገር ትርፍ ጌጦች ሳይሆኑ እንደ አውራ ጎዳናና እንደ ድልድይ ሁሉ ሊጠበቁ የሚገባቸው ሀብቶች ናቸው እላለሁ።

ለዚህ አስተያየት ዋነኛው አስረጂ የኪቩ ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው «የኮንጎ ናይል መንገድ» ነው። ርዝመቱ 227 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሰሜን ከሩባቩ ተነሥቶ ሩትሲሮን፣ ካሮንጊንና ንያማሼኬን በማለፍ በደቡብ ሩሲዚ ላይ ያበቃል። እግረኛ በ10 ቀን ያህል፣ ብስክሌተኛ ደግሞ በ5 ቀን ያህል ይጨርሰዋል። ስሙን ያገኘው አገሪቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚከፍለው የተራራ ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ምዕራባዊ ገጽ የዘነበው ዝናብ ወደ ኪቩ ይወርዳል፤ ከዚያም በሩሲዚ ወንዝ ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ፣ ከታንጋኒካም ወደ ኮንጎ ወንዝ ተሻግሮ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በምሥራቃዊው ገጽ የዘነበው ግን በንያባሮንጎና በአካጌራ ወንዞች በኩል ቪክቶሪያ ሐይቅ ደርሶ የነጭ ዓባይ ውሃ ይሆናል፤ በመጨረሻም ከኢትዮጵያ ከሚፈሰው ከጥቁር ዓባይ ጋር ካርቱም ላይ ይገናኛል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ተራራ ምክንያት ወደ ሁለት ባሕሮች ይለያያሉ። ይህን የመሰለውን የምድር አቀማመጥ ከካርታ ላይ ማጥናት ይቻላል፤ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰው ግን አይረሳውም።

የመንገዱ ጥቅም በመልክዓ ምድር ብቻ የሚወሰን አይደለም። መንገደኛው በእርከን የተሠሩትን ተዳፋት ማሳዎች፣ የሙዝ ተክሎችን፣ የሻይ ቅጠል እርሻዎችንና ቡና የሚታጠብባቸውን ጣቢያዎች በቅርብ ይመለከታል። ወደ ማታ ሦስት ሦስት ጀልባዎችን ጎን ለጎን አስረው፣ እየዘፈኑና እየቀዘፉ ወደ ሐይቁ የሚወጡትን ዓሣ አጥማጆች ያያል። ከካሮንጊ ብዙም ሳይርቅ የቢሴሴሮ ኮረብታ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ወንጀል ጊዜ፣ በዚያ የተሰበሰቡ ሰዎች በድንጋይና በጦር ራሳቸውን ለሳምንታት ሲከላከሉ ቆይተው አብዛኞቹ አልቀዋል። ቢሴሴሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሌሎች ሦስት የመታሰቢያ ሥፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት የተመዘገበው የንዩንግዌ ደን ደግሞ በደቡብ በኩል ይገኛል፤ በውስጡም የእግር መንገዶች ተዘርግተውለታል። እንግዲህ የአገሪቱ ውበትና ሐዘን በአንድ መስመር አቅራቢያ ይገኛሉ ማለት ነው። ሁለቱንም በሚገባ ለመረዳት የሚችለው ደግሞ ቆም ብሎ ለመመልከትና ለመጠየቅ ጊዜ ያለው ሰው ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች አሉ። «ለድኻ አገር የሚያስፈልጋት አስፋልት እንጂ የእግር መንገድ አይደለም» ይላሉ። አባባላቸው በከፊል እውነት ነው። በኪቩ ዳርቻ የተዘረጋው የአስፋልት መንገድ ገበሬው ቡናውን በቶሎ ለገበያ እንዲያደርስና ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት እንድትደርስ ይረዳል። ይህን የሚቃወም ሰው የሕዝቡን ችግር አያውቅም። ሆኖም አስፋልቱ ሲዘረጋ ከቀድሞው የእግርና የብስክሌት መንገድ የተወሰነውን ክፍል ውጦታል። በእነዚህ ቦታዎች እግረኛው ከጭነት መኪና ጋር በአንድ መንገድ ላይ እየተጋፋ ለመሄድ ይገደዳል። የአስፋልቱ መሠራት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የእግር መንገዱን እንደ ሥራ አለመቁጠሩ ነው።

ሌሎች ደግሞ «እንዲህ ያለው መንገድ የሚጠቅመው የባዕድ አገር ጎብኚን ነው» በማለት ይከራከራሉ። በሩዋንዳ ገጠር ግን ብስክሌት የጎብኚ መጫወቻ አይደለም። ሙዝና ድንች ይጫንበታል፤ ሰውም በሒሳብ ይሳፈርበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በተራራ ብስክሌት የተወዳደረው አድሪያን ንዮንሹቲ ከዚህችው አገር የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ከተማ ተካሂዷል። ከዚህም ሌላ፣ በመኪና የሚያልፍ ጎብኚ ለመንደሩ የሚተውለት አቧራውን ብቻ ነው። በእግሩ የሚሄደው ግን በየመንደሩ ማደር፣ መብላትና መጠጣት ስላለበት ገንዘቡን ለብዙ ቤተሰብ እያካፈለ ያልፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አውራ ጎዳና ሲቀየስ የእግረኛውና የብስክሌተኛው መሥመር ከመጀመሪያው አብሮ ይቀየስ። አስፋልቱ በዋጠው ቦታ ሁሉ በኮረብታው ላይ ሌላ መተላለፊያ ይውጣለት። ጥገናውም ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ ሩዋንዳውያን በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ «ኡሙጋንዳ» ለሚሉት የጋራ ሥራ የመውጣት ልማድ አላቸው። ማጭድና አካፋ የያዘ ሕዝብ የአካባቢውን የእግር መንገድ ለመጠገን አያቅተውም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በፍጥነት ለመድረስ ሲባል ቀድሞ የነበረውን መንገድ ማጥፋት ኋላ መልሶ ለመልቀም ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ ነው። መኪና ርቀትን ስለሚያሳጥር ሰፊ አገርን ይጠቅማል። ትንሽ አገር ግን በፍጥነት የሚያልፋትን ብቻ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚያያትንም መንገደኛ ትፈልጋለች፤ ለእርሱም የሚረግጠው መንገድ ልታቆይለት ይገባል።