ቀን ቤት ውስጥ የምትውለውም ትቆጠር

ሪያድ ውስጥ የቢሮ ቦታ እጅግ ተፈላጊ ሆኗል። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ፣ የቀጠናውን ዋና መሥሪያ ቤት በሀገሪቱ ካልከፈቱ የውጭ ኩባንያዎች ጋር ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ውል አልገባም ማለቱ ፍላጎቱን አባብሶታል። ከመኖሪያ ሰፈር አጠገብ ባዶ የነበረ መሬት በቆርቆሮ ሲታጠርና ክሬን ሲቆምበት የምታዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መክተብ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ያመጣችሁ ኤጀንሲ እንደሆነ እናውቃለን። የዛሬው ጉዳያችን ግን የቢሮ ሕንፃው መክተብ ነው።

ትልቅ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚባል ጥናት አለ፤ በዐረብኛው ተቅዪም አል-አሰር አል-ቢኢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሳዑዲ የአካባቢ ሕግ ሥራዎች እንደየዓይነታቸውና እንደየመጠናቸው የአካባቢ ፈቃድ እንዲያወጡ ያዛል። ጥናቱ አቧራን፣ ድምፅን፣ የመኪና መጨናነቅን፣ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ውኃ፣ የግንባታ ፍርስራሹ የት እንደሚደፋ ይመለከታል።

በትርጉም ሥራ እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ያነበበ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል፤ አል-ሙስተቅቢላት አል-ሐሳሳ። በቀላል አማርኛ ጉዳቱ ቶሎ የሚሰማቸው ቦታዎች ማለት ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መስጊድና መኖሪያ ቤት ከግንባታው ስንት ሜትር እንደሚርቁ ይለካል። መኖሪያ ቤቱ ግን ካርታው ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ውስጡ ማን እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንዳለ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከባዱና ጫጫታው የበዛበት ሥራ በቀን እንዲሆን የሚደረገው ነዋሪው ሌሊት እንዲተኛ ነው፤ ቀን ሥራና ትምህርት ቤት ነው ተብሎ ይታሰባል። አባወራው ቢሮ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ማዳምም ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ናት። ቤት ያለችው እናንተ ናችሁ። መስኮት የምትከፍተው፣ ግቢ የምትጠርገው፣ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣው እሷው ናት። የሠራተኛዋ ክፍል ራሱ ሰገነቱ ላይ የሆነበት ቤትም ብዙ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አቧራው መጀመሪያ የሚገባው እሷ ዘንድ ነው። ጠዋት ያጸዳችው ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ ጣት ሲያሳርፉበት ምልክት ያወጣል፤ ተቆጪዋ ደግሞ ክሬኑን አትቆጣም። አንድ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ሲወለወል የሚጨምረው ድካም በየትኛው ሠንጠረዥ ላይ ተጻፈ?

አቧራው ድካም ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ መተንፈሻ አካል የሚገባው ፒኤም 10 የሚባለው ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ45 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ባይበልጥ ይመረጣል። በበረሃ መካከል ያለችው ሪያድ ግንባታ ባይኖርም ይህን ብዙ ጊዜ ታልፈዋለች። ስለዚህ አጥኚው «አየሩ ድሮም አቧራማ ነው፤ እኛ የምንጨምረው ትንሽ ነው» ለማለት ይመቸዋል። ይህ አነጋገር አያሳምነንም። ኮንክሪትና ድንጋይ ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሲሊካ አለበት፤ ሲሊካ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ከሁሉ የከፋው አደጋ በእርግጥ ድንጋዩን በሚቆርጡት ወንድሞቻችን ላይ ነው።

ሕንፃው ሲያልቅ አረንጓዴ የሚል የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይችላል፤ መልካም ነው። የንጉሥ አብደላ የፋይናንስ ማዕከል 385 ሜትር ግንብ ያለው ውብ ሰፈር ሆኗል፣ የሜትሮ ጣቢያም አለው። ግን ግንባታው ከ10 ዓመት በላይ ወስዷል። የምስክር ወረቀቱ ስለ ቆመው ሕንፃ ይናገራል፣ አጠገቡ የሚኖር ሰው ግን መጀመሪያ የሚያልፈው እነዚያን ዓመታት ነው።

በሀገራችን በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሚጎዳው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ደንግጎ ነበር። በተግባር ምን ያህል እንደተሠራበት አዲስ አበባ ከፍርስራሽ አጠገብ የኖረ ያውቀዋል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ እዚህም ይሠራል። አጥኚ ድርጅቶች የቤት ለቤት መጠይቅ ሲበትኑ «ቀን ቀን ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይውላል?» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ፤ መልሱንም በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በታጋሎግ ይቀበሉ። ፈቃድ ሰጪውም ድንጋይ በውኃ እየረጠበ እንዲቆረጥ፣ የጭነት መኪና ሸራ እንዲለብስ፣ ከባድ ሥራ የሚሠራበት ሰዓት አጥሩ ላይ እንዲለጠፍ ያስገድድ። ሰዓቱን ያወቀች ሴት ልብሷን መቼ እንደምታሰጣ ታውቃለች።

እስከዚያው ግን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ይሻላል፤ ሰገነት ስትጠርጉም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። አቧራው ሲበዛ «ጉባር ከሲር ሚን አል-ቢና» ብላችሁ ለማዳም ንገሩ። በ940 ለማዘጋጃ ቤት አቤት ማለት ይቻላል፤ ደዋዩ አሠሪው ቢሆን ለእናንተ ይሻላል። እሱ ካመነታ፣ ቀን ቀን ከእናንተ ጋር ያንኑ አየር የሚተነፍሰው ገና ትምህርት ቤት ያልገባው የራሱ ልጅ መሆኑን አስታውሱት።